ምጽዋ፣ 1958 ዓ.ም.

ዛሬ ረፋድ ላይ የእናቴን ሣጥን ሳናፍስ፣ ከነጠላዎቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተከረከመ ፎቶግራፍ አገኘሁ፤ በባሕር ኃይል ያገለግል የነበረው አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ነጭ የደንብ ልብሱን ለብሶ በምጽዋ ቆሟል።

ዓይኔን የያዘው ግን ከጀርባው ያለው ነው፦ በኮራል ድንጋይ የታነጸ ባለ ሰገነት ቤት፣ በግማሽ የተከፈተ ፍርግርግ የእንጨት መስኮት፣ ከደጁም እጇን ከፀሐይ መከለያ አድርጋ የምትመለከት አንዲት ሕፃን።

እ.ኤ.አ. በ1921 ርዕደ መሬት ብዙ ሕንፃዋን የጣለባት፣ በ1990 ደግሞ ጦርነት ያፈራረሳት ያቺ ጥንታዊት ወደብ፣ የቀድሞ መልኳን በእንዲህ ያለ ስስ ወረቀት ላይ አደራ ብላ ማኖሯን ሳስብ፣ ፎቶግራፉን መልሼ ለመጠቅለል እጄ እምቢ አለኝ።

በጀርባው በአጎቴ እጅ «ምጽዋ፣ 1958 ዓ.ም.» የሚል ብቻ ተጽፏል።

እናቴን ስለ ሕፃኒቱ ብጠይቃት፣ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ ተመለከተችና፣ «እሱ ነበር የሚያውቃት» አለችኝ።

በምጽዋ ወይም በአሰብ የኖረ ዘመድ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በየሣጥናችሁ ምን አለ? በፎቶግራፉ ያሉትን ሰዎች የሚያውቃቸው ሽማግሌስ ዛሬም በሕይወት አለላችሁ?