ስለ ተማሪዎች የአዳር ጉዞ

ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ወደ ሩቅ አገር ወስደው ጥቂት ሌሊት ማሳደርን ያበዙ ዘንድ ይገባልን? እኛ ይገባል እንላለን፤ ነገር ግን ሳንመረምር አይደለም።

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለን ከእናታችን ቤት ወጥተን፤ አኩፋዳ ይዘን እህል እየለመንን፤ በጎጆ እያደርን ቅኔ ተምረናል። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከልዩ ልዩ አገር ልጆች ጋራ በአንድ አዳራሽ ተኝተናል። ትዕግሥትንና ባልንጀራን መውደድን ያገኘነው ከመጽሐፉ ይልቅ ከዚያ አዳር ነው።

ዘንድሮ ሴት ልጃችን ከክፍል ጓደኞቿ ጋራ ወደ ሐረር ሄዳ ሦስት ሌሊት ለማደር ፈቃድ ለመነችን። ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃልና በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጀጎልን ግንብና አምስቱን የቀድሞ በሮች በሥዕል ማየት ይቻላል፤ ሲመሽ ሰው ለጅብ ሥጋ ሲያጎርስ ማየት ግን እዚያ ላደረ ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላልና፤ አገርህን ውደድ የምንለው ልጅ አስቀድሞ ይየው።

እናቲቱ ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው ሠጋች፤ ሥጋቷም እውነት ነው። እንግዲህ መምህርት አብራ ትሂድ፤ ማደሪያው ለወላጅ አስቀድሞ ይነገር፤ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ይቅር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ልጃችን የምትወዳት ባልንጀራዋ መክፈል ስላልቻለች ብቻዋን ልትቀር ነው። እኛ በልጅነታችን ለምነን የበላነው እንጀራ የድኻውንም የባለጸጋውንም ልጅ እኩል አሳድጎ ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ሌሊት ሁለት ሆኖ፤ የተረፈውም ላጡት ተከፍሎ፤ ሁሉም ይሂዱ ብለን ለትምህርት ቤቱ አለቃ ጽፈን መልሱን እንጠብቃለን። ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ መልካም ይመስለናል።