ልጄን የሚያስተኛልኝ ሰው



ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኢ.አ. በ2003 በአገራችን ለሙከራ ሲጀመር፣ ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነበር። ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ «መድን የሚባል ነገር ሹብሃ አለበት» ብዬ መለስኩ። ኪታብ ገልጬ አልነበረም፤ ከሰሚ ሰሚ የያዝኩትን ነው። ባለቤቴ ግን ዝም ብላ ከቡናችን ሽያጭ መዋጮውን ከፈለች፤ በየዓመቱም አሳደሰች።

አምና የአምስት ዓመት ልጃችን ብሽሽቱ ላይ አበጠ። ጤና ጣቢያ «ቡአ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይድናል» አሉን። ጭንቁ ማን ያስተኛዋል የሚለው ሆነ። የሕፃን የመተንፈሻ ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ማደንዘዣውም በክብደቱ ተሰልቶ የሚሰጥ ስለሆነ ትንሽ ስሕተት ብዙ ይጎዳል። በአገራችን ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት አንስቴቲስቶች ናቸው፤ የማደንዘዣ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ለሕፃናት ብቻ የተማሩት ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። መጀመሪያ የሄድንበት ሆስፒታል «ለትልቅ ሰው እንሰጣለን፤ ለሕፃን አንደፍርም» አሉን። እውነቱን ስለነገሩን አላህ ይስጣቸው። ጅማ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ባለሙያ እንዳለው ሰምተን ሄድን። የመድን ደብተራችንን ሳይገልጡ መለሱልን። የጠሩት ዋጋ የዓመት ቡናችንን የሚጨርስ ነበር።

ሪፈር ይዘን ወደ መንግሥት ሆስፒታል ዞርን። ወጣቱ አንስቴቲስት ልጁን መዘነ፣ ደረቱን አዳመጠና «ኡስታዝ፣ ሳል አለው፤ ሲሻለው ያምጡት» አለኝ። ከፋኝ። ለካ ጉንፋን የያዘው ልጅ ማደንዘዣ ሲወስድ ትንፋሹ ሊያስቸግር ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ተመለስን። ምግብ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ውሃ ከሁለት ሰዓት በፊት ይቁም ተባልን። ልጁ ዳቦ ስከለክለው «አባ፣ ረመዳን ገባ እንዴ?» አለኝ።

በር ላይ ሲቀበሉኝ አየተል ኩርሲይን ቀራሁለት። ባለቤቴ ደብተሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ዐይኗን ማየት አፈርኩ።

ነገሩን በኪታብ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 የንግድ መድንን ሐራም ብሎ፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። መዋጮው በአንድ ቋት ተጠራቅሞ ለታመመው የሚውልበት፣ የድሃውንም መንግሥት የሚከፍልለት የእኛው መድን ለሁለተኛው ይቀርባል ብዬ አምናለሁ፤ ዑለማዎቻችን ግን ይጠየቁ።

ልጁ ነቅቶ ውሃ ጠየቀ፤ አልሐምዱ ሊላህ። ሊሙ ገነት እንደተመለስን፣ ቃሌን ሰምቶ ሳይመዘገብ የቀረ ጎረቤቴ ቤት ሄጄ «አፉ በለኝ» አልኩት። የዚያ ዓመት ምዝገባ ግን ተዘግቶ ነበር።