ጀልባ ደረጃ ሲወጣ

ከዳባት ተነሥተን ወደ ደባርቅ የተጓዝነው በነሐሴ ወር ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የገብሱና የባቄላው ማሳ አረንጓዴ ለብሷል። ደባርቅ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አገሩ ደጋ ስለሆነ ጋቢያችንን ደረብን።

ከደባርቅ አልፈን ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆምን። ቁልቁል ሲያዩት ልብ ይርዳል። የመኪናው መንገድ መጀመሪያ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መኪና ገደሉን በአንድ ጊዜ አይችለውም፤ ጥቂት በጥቂት ግን ይወርደዋል።

ውሃው ግን መጠምዘዝ አያውቅም። ከገደሉ ቀጥ ብሎ ይወረወራል። ከታች ዛሪማ ወንዝ ይገባል። ዛሪማ ተከዜ ይገባል። ተከዜ ሱዳን ሲደርስ ሰቲት ይባላል። ከዚያ ከአትባራ ወንዝ ጋር ሆኖ ከዓባይ ይቀላቀልና ግብፅ ድረስ ይሄዳል። ያን ቀን ውሃው ደፍርሶ ነበር። ያደፈረሰው አፈር ነው።

አብረውን የቆሙ አንድ አዛውንት «ልጆቼ፣ ይህን ያህል ውሃ እያለን ምነው ጀልባ የለን?» አሉን።

ጥያቄያቸው ጥሩ ጥያቄ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ይሄዳል። የጣና ውሃ የተኛ ውሃ ነው። ጀልባ የተኛ ውሃ ይፈልጋል። በሚወረወር ውሃ ላይ ግን ይሰበራል።

ታዲያ ዳገት ባለበት አገር ጀልባ አይሄድም ማለት ነው? አይደለም። በፈረንሳይ አገር ሚዲ የሚባል ቦይ አለ። ሰው የቆፈረው ነው። በ1681 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ዱሮ በዚህ ቦይ ዳር ፈረሶች ጀልባውን በገመድ ይጎትቱ ነበር። ዛሬ ሰዎች በግል ወይም በኪራይ ጀልባ ይጓዙበታል። እዚያው ጀልባው ውስጥ ያበስላሉ፤ እዚያው ይተኛሉ።

ዳገቱ ጋ ሲደርሱስ ምን ያደርጋሉ? ዳገቱ በደረጃ ተከፍሏል። በየደረጃው በድንጋይ የተገነባ የውሃ ክፍል አለ። ክፍሉ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጀልባው በታችኛው በር ይገባል። በሩ ይዘጋል። ከዚያ ከላይ ያለው ውሃ በትንሽ ቀዳዳ እንዲገባ ይደረጋል። ክፍሉ ሲሞላ ጀልባው አብሮ ከፍ ይላል። ውሃው ከላይኛው ጋር እኩል ሲሆን የላይኛው በር ይከፈታል፤ ጀልባው ጉዞውን ይቀጥላል። ለመውረድ ደግሞ የክፍሉ ውሃ ወደ ታች ይለቀቃል። ጀልባውን የሚያወጣውም የሚያወርደውም ውሃው ራሱ ነው።

በእንግሊዝ አገር ኬን ሂል በሚባል ዳገት ላይ እንዲህ ያሉ 29 ደረጃዎች በተከታታይ አሉ። ሁሉም አንድ ላይ ጀልባን 72 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋሉ። አንዱ ደረጃ 2 ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። እስቲ እናስላው። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ለጀልባ ቢሠራ ከ400 በላይ ደረጃ ይጠይቃል። ስለዚህ ለሊማሊሞ በቅሎና መኪና ይሻላሉ።

ብልሃቱ ግን ለእኛም ይጠቅማል። ቁልቁለት በደረጃ ሲከፈል ውሃ ይታዘዛል። የእርሻ እርከን ይህንኑ ይሠራል። ውሃውን በየደረጃው ያስቆመዋል፤ አፈሩ ይቀራል፤ ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል። እርከን ዳገቱን አቋርጦ እኩል ከፍታ ይዞ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ዝቅ ካለ ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ይንደዋል። በቦረቦር ውስጥ ደግሞ የድንጋይ ክትር ይሠራል። ሥራው ከላይ ይጀመር። ከታች ከተጀመረ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ይጠርገዋል።

ከሊማሊሞ ሥር ያለፈው አፈር አይመለስም። በማሳችን ላይ ያለው ግን ገና በእጃችን ነው። እስቲ ከጎረቤት ጋር ተወያዩ፦ በእናንተ መንደር ጎርፉ አፈሩን የሚወስደው በየት በኩል ነው? የመጀመሪያው ክትርስ የት ይሠራ?