ስለ አሮጌ የባልትና መጻሕፍት

ሰው ያለፈውን ዘመን ሲናፍቅ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ጦርነቱና ዐዋጁ አይደለም፤ በልጅነቱ የቀረበለት ማዕድ ነው እንጂ። በአሜሪካ አገር ብዙ ሰዎች የአያቶቻቸውን የባልትና መጽሐፍ፥ ገጹን ቅቤ የነካውን፥ በኅዳጉ በእርሳስ የተጻፈበትን፥ ከአዲሱ አብልጠው የሚወዱት ስለዚህ ይመስለኛል። እኔም የሌላ አገር ሰው ስሆን እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ ደስ ይለኛል፤ ይኸውም ምግቡን ልሠራበት ብዬ ሳይሆን የሠሪዋን ድምፅ ለመስማት ነው።

በዚያች አገር ተወላጅ ተጽፎ እዚያው የታተመው የመዠመሪያው የባልትና መጽሐፍ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1796 ዓ.ም. በሐርትፎርድ ከተማ የወጣው የአሚሊያ ሲመንስ መጽሐፍ ነው። ሴቲቱ በፊት ገጹ ላይ የሙት ልጅ መሆኗን ከመግለጧ በቀር ስለ ሕይወቷ የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የበቈሎ ቂጣዋ አሠራር እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከመቶ ዓመት በኋላ በ1896 ዓ.ም. ፋኒ ፋርመር በቦስተን መጽሐፏን ባወጣች ጊዜ አሳታሚዎቹ ኪሣራ ፈርተው የማተሚያውን ወጪ ራሷ እንድትችል አደረጉ። ከእርሷ በፊት የነበሩት ብዙ ጊዜ «የእንቍላል ያህል ቅቤ» እያሉ ይመጥኑ ነበር፤ እርሷ ግን ኩባያውና ማንኪያው ተሞልቶ አፉ በቢላዋ እንዲስተካከል አዘዘች። ይህ ነገር ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል። እናቴ በሰፈሩ የታወቀች ባለሙያ ነበረች፤ እኅቶቼ የድልሁን ምጥን ሲጠይቋት «ዐይናችሁ ይመጥነው» ትላቸው ነበር። ከሞተች ወዲህ ደጋግመው ሞከሩት፤ መልኩ ይመጣል፤ ጣዕሙ ግን ከእርሷ ጋራ ሄደ።

የሴንት ሉዊስ ከተማ ነዋሪ ኢርማ ሮምባወር በ1930 ዓ.ም. ባሏ ሞተባት፤ በማግሥቱም ዓመት ካላት ጥሪት ከፍላ 3000 መጻሕፍት አሳተመች። የሽፋኑን ሥዕል ልጇ ሠራችው፤ እርሱም ቅድስት ማርታ ዘንዶ ስትገድል የሚያሳይ ነው። በወንጌል በአገልግሎት ብዛት ስትባክን የምናውቃት ማርታ በዚህ ሽፋን ላይ ድል ነሺ ሆና ቆማለች። ኀዘን በገባበት ቤት እሳት አንድዶ ማዕድ ማቅረብ ምን ያህል ተጋድሎ እንደ ሆነ ያየ ሰው በሥዕሉ አይስቅበትም።

ይሁን እንጂ ናፍቆት ጣፋጭ ስለ ሆነ ያታልላል። በዚያች አገር ደቡባዊ ክፍል እመቤቶች በስማቸው ያሳተሙት ብዙው ምግብ በባርነት የነበሩ ጥቁር ሴቶች የሠሩት ነው፤ የእነዚያ ስም ግን አልተጻፈም። ስለዚህ በባርነት ተወልዳ ነጻ የወጣችው አቢ ፊሸር በ1881 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ያሳተመችው መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል እርሷ በቃሏ ስትናገር ሌሎች ጻፉላት። የሕፃናትን ምግብ ባስጻፈችበት ስፍራ ዐሥራ አንድ ልጆች ወልዳ በዚያው ማሳደጓን ጨምራ ተናገረች። የምግብ አሠራር ሊያነብ የተቀመጠ ሰው በዚህ ስፍራ የአንዲት እናት ታሪክ ያገኛል።

አንባቢ ሆይ፥ ሙያዋን በእጇ ብቻ ይዛ የምትኖር ባልቴት በየቤቱ አትታጣም። እርሷ ብዕር ባትይዝ የተማረ ልጅ አላት። እሳቱ ሳይጠፋ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይጻፍላት፤ ስሟንም መጻፍ አይርሳ።