«ፒ ላይ ናት» አሉኝ

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ከመኪና ሥር የወጡ ሰዎችን ተቀብያለሁ። ተገጭተው የመጡትን ማለቴ አይደለም፤ ቆሞ የነበረ መኪና የተጫናቸውን ነው። አብዛኞቹ ሹፌሮችና ረዳቶች ነበሩ፤ አንዳንዴ ግን ለአባቱ ቁልፍ ሲያቀብል የነበረ ልጅም ይመጣል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ መኪና ሲፈታ ካየሁ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጎማዎቹ ነው።

አውቶማቲክ መኪና ከበዛ ወዲህ ደግሞ አዲስ መዘናጋት መጥቷል። «ፒ» ላይ አድርገው ይወርዳሉ፤ የእጅ ፍሬን የሚስበው ጥቂት ሰው ነው። «ፒ» የሚይዘው ካምቢዮው ውስጥ ባለች ትንሽ የብረት ጥርስ ነው። ጥርሷ ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ነክሳ ታቆማለች። በኋላ ጎማ በሚሄዱ መኪኖች ይህ ኃይል ጎማዎቹ ጋ የሚደርሰው በመኪናው ሆድ ሥር በተዘረጋው ረጅም ዘንግ በኩል ነው። ዘንጉ ከተፈታ «ፒ» የሚይዘው ጎማ የለም። (እንደ ቪትዝ ያሉት ትንንሽ መኪኖች አብዛኞቹ በፊት ጎማ ስለሚሄዱ ይህ ዘንግ የላቸውም።)

አምና በክረምቱ መውጫ የእህቴ ልጅ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በአውቶማቲክ ሚኒባሱ ጭኖ ከባሕር ዳር ሊጠይቀኝ መጣ። ፏፏቴው ሞልቶ ነበርና ልጆቹን አሳይቶ ሲመለስ መኪናዋ በሬ ላይ እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም። ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶማቲክ ደግሞ ዝም ብሎ በገመድ አይጎተትም፤ ሞተሩ ካልሠራ የካምቢዮው ፓምፕ ዘይት አይገፋም፣ ጎማዎቹ ግን በዘንጉ በኩል ውስጡን በደረቁ እያዞሩ ያቃጥሉታል። ስለዚህ ዘንጉ መውለቅ ነበረበት።

የሰፈራችን ወጣት መካኒክ መጣና «ሲስተር፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። መሬቱ ቁልቁል ነው። ድንጋይ አምጡ ስል የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ፒ ላይ ናት እኮ፤ የእጅ ፍሬኑም ተስቧል» አለኝ። የፍሬኑ ገመድ መላላቱን ሲመጣ ራሱ ነግሮኝ ነበር። ልጆቹን በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ፤ አራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ እስኪገባ ድረስ ማንም እንዲተኛ አልፈቀድኩም።

መካኒኩ ዘንጉና ዲፈረንሻሉ የሚገናኙበትን በጠመኔ አመለከተ፤ ሲመለስ በነበረበት ካልገጠመ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለችና። ከዚያ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። አራተኛው ሲወጣ መኪናዋ «ገጭ» ብላ አንድ ጣት ያህል ወርዳ ድንጋዩ ላይ ተደገፈች። ከሥር ለትንሽ ጊዜ ድምፅ ጠፋ።

የፊተኛው ጫፍ ግን አልወጣ አለ። የዘንጉ ራስ ካምቢዮው ውስጥ በጥርስ የተገጠመ ነው፤ መንገዱ ሲያነጥር የኋላው አክሰል ከፍ ዝቅ ስለሚል ራሱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንሸራተት አለበት። እዚያ ውኃና ጭቃ ከገባ ይዝጋል፣ ይጣበቃል። የእህቴ ልጅ ማርቴሎ አነሳ። (ማርቴሎ፣ ካምቢዮ፣ ክሮቸራ፣ ካቻቪቴ፤ የጋራዥ ቃላችን እስከ ዛሬ የጣሊያን ነው።) መካኒኩ ከለከለው። የካምቢዮው ጭራ አሉሚኒየም ነው፤ በብረት ከተፈነቀለ ይሰነጠቃል።

እኔ ያበጠ ጣት ላይ የተጣበቀ ቀለበት ትዝ አለኝ። ቀለበት ሲጎተት ጣቱ ይብሱን ያብጣል። እጁን ከፍ አድርጎ ማቆየት፣ በቀዝቃዛ ውኃ መንከር፣ ሳሙና ወይም ቅባት መቀባት፣ ከዚያ እያዞሩ ቀስ በቀስ ማውጣት ነው። ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ።

መካኒኩም እንዲሁ አደረገ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭቶ ቡና እስኪፈላ ተወው። እዚህ ላይ «ፒ» ጠቀመን፤ የውስጡን ዘንግ ይዛለት እሱ የውጭውን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። ዙሪያውን በእንጨት መታ መታ አደረገ፣ እንደገና ረጨ። የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። ከሥር ሆኖ ወደ ላይ ሲመታ ዝገት ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ የእህቴን ልጅ የፀሐይ መነጽር አስደረግሁት። የመከላከያውን ያህል ባይሆንም ከባዶ ይሻላል። ስባሪ ብረት ዓይን ከወጋ አይታሽም፣ አይነቀልም፤ ሳይጫኑት በንጹሕ ኩባያ ነገር ከልሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ሃያ ደቂቃ የተባለው ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ራሱ ሲወጣ የካምቢዮው ዘይት ተከትሎ ይፈስሳልና አሮጌ ሳፋ ደግነን ነበር። የፈሰሰው ግን ከጠበቅነው በጣም ያነሰ ሆነ። ቀዳዳውን በፌስታል ጠቅልሎ በላስቲክ አሰረው፤ ዘንጉን መቀመጫ ሥር አስገብተው ሳይመሽ ተጎትተው ሄዱ።

ባሕር ዳር ጋራዥ ሲፈተሽ፣ የዘንጉ ራስ ላይ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ተገኘ። ዘይቱ በዚያ እየወጣ አልቆ ኖሯል፤ ጭቃውም የገባው በዚያው ነው። የእህቴ ልጅ ሚስት ግቢያቸው ላይ የዘይት ጠብታ ማየት ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗት ነበር።