ድመታችንን ያስጾምንበት ዘመን

ጉሬዛ ከወንበር እግር ጋር መጋጨት የጀመረችው በፍልሰታ ጾም ሰሞን ነው። መጀመሪያ የልጅ ልጄ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ከአልጋ ላይ ዘልላ ጠረጴዛውን ስታ ወለል ላይ ስትወድቅ ሳቃችን ቆመ። ልጅቷ አቀፈቻትና ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ «እማማ፣ ዓይኗን እዪው» አለችኝ። የቀትር ብርሃን ፊት ለፊቷ እያለ የዓይኗ ብሌን እንደ ሌሊት ሰፍቶ ቀርቷል።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው። ዓይኗን በባትሪ አየ፤ ደረቷን አዳመጠ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ ምን ይሰጧታል?»

«እኛ የምንበላውን!» አልኩት፤ በኩራት ነበር የመለስኩት።

«ጾም ሲሆንስ?»

«ሽሮ ፍትፍት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጾም ለሚያጠብቅ ቤት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም እንደሆነ እርሱም ያውቃል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እያልን እንተርታለን፤ እኛ ግን የራሳችንን ድመት ያለ ፈቃዷ አመንኩሰናታል።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ታውሪን የሚባል ነገር አለ፤ የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ውስጥ ነው። ሰውም ውሻም ሰውነታቸው ውስጥ ይሠሩታል፤ ድመት ግን የምትሠራው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከምግቧ ካላገኘችው ይጎድላታል። ሽምብራና ጤፍ ውስጥ የለም። ሲጎድላት የዓይኗ ውስጠኛ ክፍል ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ልቧም ይደክማል። በፈረንጆቹ 1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የፖል ፓየን ቡድን ብዙ ድመቶችን ይገድል የነበረ የልብ በሽታ መነሻው የታውሪን ማነስ እንደሆነ አሳየ። ያውም እነዚያ ድመቶች ይበሉ የነበረው የእኛን ሽሮ ሳይሆን ፋብሪካ ያመረተውን ምግብ ነበር! ደግነቱ ልብ ታውሪን ሲያገኝ ሊያገግም ይችላል። የሞተ ዓይን ግን አይመለስም። በዚህ ላይ ወጣችን የሚሠራበት ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ደግና የሚጣፍጥ የመሰለኝን ሁሉ ነው የሰጠኋት።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ ታክሲ ውስጥ፣ «እማማ፣ እኛ ነን ያሳወርናት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እስከ ማሳለጫው ድረስ ስፈልግ ቆየሁና «አዎ፣ ሳናውቅ» አልኳት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ያደግሁት ገጠር ነው፤ እናቴም ለድመቷ ሥጋ ቆርጣ ሰጥታት አታውቅም። የእናቴ ድመት ለምን አልታወረችም? ነጋ ሲል ገባኝ። የእናቴ ድመት የምትውለው ከጎተራው ሥር ነበር፤ ምግቧም አይጥ ነው። አይጥ ሥጋ አለው፣ ጉበትና ልብ አለው፣ አጥንት አለው፤ ለድመት አንድም የሚጎድለው የለም። የእኛ ቁራሽ እንጀራ ለእርሷ ትርፍ ነበር። ተመራማሪዎች ድመት ከሰው ጋር የተላመደችው ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የተከማቸ እህል የሚስባቸውን አይጦች ተከትላ ነው ይላሉ። እኛም የምንኖርበት ሰፈር በእህል ማከማቻው የተነሣ ጎተራ ተባለ። ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ግን አይጥ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉሬዛ ከእጃችን ከሚወድቀው በቀር ሌላ ምግብ አልነበራትም።

የልጄ ባል በማግስቱ ከሱፐርማርኬት ሦስት ዓይነት የታሸገ የድመት ምግብ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እህል መጋዘን ውስጥ ተረካቢ ነበርኩ፤ የጆንያ ጽሑፍ አይቼ እህል ተረክቤ አላውቅም። ተወግቶ ናሙናው ይታያል፤ እርጥበቱና ባዕድ ነገሩ ይለካል። ጣሳ ግን አይወጋም። የልጅ ልጄ የጀርባውን ደቃቅ እንግሊዝኛ እያነበበች፣ የልጄ ባል እየተረጎመልኝ ተቀመጥን።

ከሦስቱ ዓይኔ ያረፈው በቱናው ላይ ነበር። ሲከፈት ዓሣው ተቆራርጦ በመረቅ ውስጥ ይታያል፤ ለሰውም ቢቀርብ አያሳፍርም። ሁለተኛው «ከዶሮ ጋር» ይላል። ሦስተኛው ጥቁር ቡኒ ልቁጥ ነገር ነው፤ ጀርባው ላይ ጉበት፣ ሳንባ፣ ኩላሊትና ሌላ ተረፈ ምርት እያለ ይዘረዝራል። የልጄ ባል አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። በየዓመት በዓሉ ዱለት የምናነጥር ሰዎች ጨጓራና ጉበት ተብሎ ሲጻፍ የምንጠየፈው ምን ሆነን ነው? ለድመትማ ጉበትና ልብ ከቀይ ሥጋው ይልቅ የሚሻሉበት ነገር አላቸው።

«ከዶሮ ጋር» የሚለው አነጋገር ሕግ አለው። አሜሪካን አገር «ጋር» ካለ 3 ከመቶ ዶሮ ይበቃዋል፤ አውሮፓ ደግሞ 4 ከመቶ። የእኛም ጣሳ 4 ከመቶ ይላል። የቀረው «ሥጋና የእንስሳት ውጤቶች» ነው፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ አይናገርም። ከታች ስኳር አለበት። ድመት ጣፋጭ የሚለይ ምላስ የላትም፤ ታዲያ ስኳሩ ለማን ነው? ቡናማ ቀለም እንዲኖረው ነው መሰለኝ፤ ቀለሙን የምናየው ደግሞ እኛ ነን።

ልጅቷ ከሦስቱ ጎን የደረቁን ምግብ ከረጢት አምጥታ፣ «እማማ፣ ይሄ ፕሮቲኑ 30 ነው፤ ጣሳው 10 ብቻ!» አለች። ይህ የእኔ ሥራ ነው። ወረቀት አውጥተን ውኃውን ቀነስን። ጣሳው 80 ከመቶ እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ከ100 ግራሙ ደረቁ 20 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 10 ግራሙ ፕሮቲን ከሆነ ግማሹ ማለት ነው። ከረጢቱ እርጥበቱ 10 ነው፤ ከ90ው 30 ሲሆን ሲሶ። ጣሳው በለጠ። በአሜሪካ ለአዋቂ ድመት ዝቅተኛው ልክ በደረቁ ሲሰላ 26 ከመቶ ነው፤ ሁለቱም ያልፋሉ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አያስተማምንም። በ2007 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና ፓኮ የድመትና የውሻ ምግብ ከገበያ ተሰብስቧል። ከቻይና የመጣው የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን የሚባል ኬሚካል ተጨምሮበት ነበር። ፕሮቲን የሚለካው በናይትሮጅን ነው፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን ሞልቶታል። ሚዛኑ «ፕሮቲን» ሲል የእንስሳቱ ኩላሊት ተዘጋ። በዓመቱ ያው ሜላሚን በቻይና የሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኘ። አሸዋ የተቀላቀለበት ስንዴ መልሼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ማን በዓይኑ ይለየዋል?

ዋናውን ነገር ያገኘችው ልጅቷ ናት። ቱናው ላይ «ኮምፕሊመንታሪ»፣ ጥቁሩ ልቁጥ ላይ «ኮምፕሊት» ይላል። ስታነባቸው አንድ መስለዋት ነበር፤ እኔም አንድ መስሎኝ ነበር። የልጄ ባል ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አንዱ ተጨማሪ ምግብ፣ ሌላው ሙሉ ምግብ ነው! ያ የሚያምረው ቱና ከዓሣና ከመረቅ ሌላ ምንም አልገባበትም፤ ብቻውን ለወራት ብንሰጣት ኖሮ ሌላ ጉድለት እንጀምርላት ነበር። አስቀያሚው ግን ቫይታሚኑና ማዕድኑ ተመጥኖ ገብቶበታል፤ ታውሪንም ተጨምሮበታል። የታሸገ ምግብ ሲበስል ከታውሪኑ የሚጠቀሙት ስለሚቀንስ፣ የአሜሪካው ልክ ለጣሳ ከደረቁ ምግብ እጥፍ ታውሪን ያዝዛል።

የዚያ ጣሳ ዋጋ ግን በየቀኑ ለጡረተኛ አይሆንም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ግማሹን በጣሳ፣ ግማሹን ከልኳንዳ አደረግነው፦ ሳንባ፣ ልብና ጥቂት ጉበት፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ። ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወጣ መረቁን አንደፋውም። ሥጋ ብቻውን ካልሲየሙ በጣም ጥቂት ነው፤ ያንን በከፊል ጣሳው ይሞላል።

በጾመ ነቢያት ልኳንዳዎቻችን ሲዘጉ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሳንባውን በጥቁር ፌስታል ደብቄ ደረጃ ስወጣ ጎረቤቴ ያዘችኝ። ለድመት መሆኑን ነገርኳት። «የነነዌ ከብቶች እንኳ ጾመዋል እኮ!» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝና የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «የነነዌ ከብቶች የጾሙት ሦስት ቀን ነው፤ አንቺ ስንት ዓመት አስጾምሻት?»

ጉሬዛ አሁን ልቧ ደህና ነው፤ ዓይኗ አልተመለሰም። በቤታችን ወንበር ከቦታው አይነሣም፤ እንግዳ ካነሣውም የልጅ ልጄ ወዲያው ትመልሰዋለች። በቅበላ ሰሞን ሰው ሁሉ ለቁርጥ ሲሰለፍ እኔ ለሳንባና ለልብ ተሰልፌ ለሁዳዴ የሚበቃትን ገዛሁ። ቀቅለን በየቀኑ ልክ ከፋፍለን ፍሪዘር ውስጥ አስገባነው። ልጅቷ በየፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችበት፦ «የጉሬዛ፣ የጾም»።