በሦስት የምትሄድ መኪና

የሚንቀጠቀጥ ሞተር ያለው ቤተ ሰብ ምክር አይቸግረውም። አንዱ ካንዴላ ነው ይላል፣ ሌላው ካርቡራቶሪ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ቤንዚኑ ውኃ አለበት ይላል። ሁሉም የሚናገሩት ኮፈኑ ሳይከፈት ነው።

የእኛዋ መኪና ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ቶዮታ ኮሮላ፣ ዲኤክስ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1980ዎቹ ሥሪት ናት። ባለቤቴ በከተማው ዳርቻ ያሉትን ኅብረቶች የሚጎበኘው፣ እኔም የታመሙ እህቶችን የምጠይቀው በእርሷ ነው። ጠዋት ስትነሣ ደኅና ናት። ሞቃ መብራት ላይ ስንቆም ግን መሪው እስኪርገበገብ ትንቀጠቀጣለች፤ ነዳጅ ሲሰጣት ደግሞ ትስተካከላለች። መካኒኮች እንዲህ ያለችውን "በሦስት ትሄዳለች" ይሏታል፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አይሠራም ማለት ነው።

በአንድ ጋራዥ አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ። በሌላው ካርቡራቶሪው ወርዶ ታጠበ፣ ካቦዎቹም አዲስ ሆኑ። መንቀጥቀጡ ባለበት ቀረ፤ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጥነው ገንዘብ ግን ተነካ። በዚህን ጊዜ ባለቤቴ "እንሽጣት" አለ።

እኔ የተቃወምኩት መኪናዋን ወድጄ ብቻ አልነበረም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ አሮጌ መኪና ሸጦ ሌላ መተካት ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ቀላል አይደለም። ከዚያ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ገዢው ነበር። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሥተን ብናሳየው ምንም አያይም። "ምን ችግር አለባት?" ብሎ ቢጠይቀንስ? "አናውቅም" ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመጋቢ አፍ ሲወጣ ሰው "ምንም የላትም" ብሎ ነው የሚሰማው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ምሽት ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው ብትሸጥም ባትሸጥም ሕመሟ መጀመሪያ ይታወቅ በሚለው ላይ ነው።

አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። "እህቴ፣ ዛሬ ዕቃ አትገዢም፤ ዛሬ እንጠይቃታለን" አሉኝ። ሞተሩ እየሠራ፣ በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ የካንዴላ ካቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ሁለተኛውና አራተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። "ይኸው፣ ይኼኛው ቀድሞም አይሠራም ነበር።"

ከዚያ የሦስተኛውን ካንዴላና ካቦ ከአንደኛው ጋር አቀያየሩ። ሕመሙ አብሮ ቢዛወር ጥፋቱ የዕቃው ነበር፤ አልተዛወረም። ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ለኩ። 165፣ 160፣ 95፣ 160። የተለካው ሞተሩ እንደ ሞቀ ነው፤ በቀዝቃዛው ቢለካ ምናልባት አይገኝም ነበር። በሦስተኛው ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ሲለኩ ቁጥሩ ብዙም ከፍ አላለም። የፒስቶን ቀለበት ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ከፍ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ወደ ቫልቭ ሄዱ።

ክዳኑ ሲከፈት የሦስተኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሊኖረው የሚገባው ክፍተት አልነበረውም። ቫልቩና መቀመጫው እየተበሉ ሲሄዱ ቫልቩ ወደ ላይ ይጠጋል፣ ክፍተቱም ይጠፋል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ስለዚህ በሞቀ ጊዜ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግፊቱም ሾልኮ ይወጣል። ጠዋት ደኅና የምትሆነው ለዚህ ነበር። እንዲህ ሆኖ ብዙ ከተነዳ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ቴስታታው መውረድ አለበት።

ባልና ሚስት ስናማክር ብዙ ጊዜ የማየው ይህንኑ ነው። ሁለቱ በእንግዳ ፊት፣ በቀዝቃዛው ሰዓት፣ ደኅና ናቸው። ስልክ ይቀየራል፣ ቤት ይቀየራል፣ አንዳንዴም ቤተ ክርስቲያን ይቀየራል። ምሳሌ 18፥13ን ለእነርሱ ከማንበቤ በፊት ለአማካሪዎቻችን ባነብላቸው እመርጣለሁ፤ ሳንሰማ የምንመልሰው እኛም ነንና።

አዛውንቱ ክፍተቱን በስስ የብረት መለኪያ አስተካከሉ። ሲለካ 145 ሆነ። "አልዳነችም፣ ታግሳለች" አሉ፤ ከወር በኋላ እንድንመለስና ቁጥሩ ከወረደ ቴስታታው እንደሚፈታ ነገሩን። የከፈልነው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ባለቤቴ ቁጥሮቹን ከነቀኑ በወረቀት ጽፎ ከሊብሬው ጋር አስቀምጧል። መሸጡን ገና አልወሰንንም፤ የሚገዛት ሰው ቢመጣ ግን መጀመሪያ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው።